ጉማሬ የገባበት በር

አባባ ቢየል ቅርስ ሆኑ።

አልሞቱም፣ አልታመሙም፣ ሐውልትም የሠራላቸው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ሱቅ በር መሀል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በቃ። መጀመሪያ ዘበኛ ነበሩ። ጡረታ ወጡና በማግስቱ ተመልሰው እዚያው ቁጭ አሉ።

ሱቁ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ነው። አንድ ግሪክ ነጋዴ በድንጋይ አሠራው፣ ጨው ሸጠበት። ግሪኩ ሄደ፣ መንግሥት ቡና አከማቸበት። ቡናው ሄደ፣ ቀበሌ ስኳር በወረፋ አከፋፈለበት። ስኳሩ ሄደ፣ ሺታዬ ተከራየችና ሳሙናና ፓስታ ደረደረችበት። ታሪኩ ይኸው ነው። አባባ ቢየል ሲያወሩት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ባለፈው መጋቢት ኃይለኢየሱስ የሚባል የቅርስ ባለሙያ መጣ። ሙቀቱ አናቱን ሊበሳው ደርሷል፣ አውሮፕላኑም ሊያመልጠው ነው። አንድ በአንድ መዘርዘሩ ሰለቸውና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አንድ ፎቶ አነሳ። ወረቀቱ ላይ «በፎቶው የሚታየው ሁሉ ሳይነካ ባለበት ይጠበቅ» ብሎ ጻፈ፣ ማህተም መታበት፣ ስልክ ቁጥሩን ለሺታዬ ትቶ እብስ አለ።

ፎቶው ላይ ግድግዳው አለ። የብረት በሩ አለ። አባባ ቢየል ከነወንበራቸው በሩ መሀል አሉ። እግራቸው ስር ዶሮ አለች።

ሽማግሌው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው!

ዓርብ ጠዋት የሺታዬ አዲስ ፍሪጅ በጋሪ መጣ። ነገ ጎረቤቷ ኛሙት ትዳራለች፤ ለሠርጉ ቀዝቃዛ ለስላሳ አቀርባለሁ ብላ ቃል የገባችው ሺታዬ ናት። ሙቅ ካቀረበች ሠርገኛው ማዶ ሀሩን ሱቅ ነው የሚሄደው፤ ሀሩን ፍሪጅ አለው። ደንበኛ ደግሞ አንዴ ከተሻገረ አይመለስም።

«አባባ፣ አንዴ ይነሱልኝ።»

«አልነሳም።»

«ፍሪጅ ላስገባ ነው!»

«ቅርስ ነኝ። ቅርስ ይነሳል እንዴ? የአክሱምን ሐውልት ተነስ በይው እስቲ።»

«እሱ እንኳን ተነስቶ ሮም ደርሶ መጥቷል!»

«እሱን ሳይጠይቁት ነው የወሰዱት። እኔን ጠየቅሽኝ፤ እምቢ አልኩ።»

ጋሪ ገፊው ማይክል ላቡን ጠረገ። «ሺታዬ፣ ከነወንበራቸው ላንሳቸው?»

«ንካኝና እየው! አምስት ዓመት ያስፈርዳል!»

«የት ተጽፏል?»

«ይጻፋል።» ሽማግሌው ወደ ሺታዬ ዞሩ። «የዶሮዋም ነገር አለ። ፎቶው ላይ ነበረች። ለፋሲካ አረድሻት። ቅርስ በላሽ።»

«እግሯን ማን ጋጠ?»

«ያኔ ወረቀቱን ገና አላነበብኩትም ነበር።»

ፀሐዩ ፍሪጁን እንደ ምጣድ አጋለው። ማይክል ሌላ ጭነት አለብኝ እያለ ይነጫነጫል። ሺታዬ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩ ሁለት እንግዶች ቅርሱን ሊያዩ መጡ። አባባ ቢየል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥራ ገቡ።

«በስኳሩ ጊዜ ነው» አሉ። «ባሮ ሞላ። ጉማሬ ወጣ። በዚህ በር፣ ያለ ወረፋ፣ ዘው! ቀበሌው በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ጉማሬው ስኳሩን ልሶ ልሶ ሲጠግብ፣ እንደ ጨዋ ሰው በበሩ ወጣ።»

ሺታዬ ይቺን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምታለች። ዛሬ ግን ጆሮዋን ሰጠች።

«አባባ፣ ያኔ ዘበኛው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ!»

«የት ተቀምጠው?»

«እዚሁ። እዚህ ወንበር ላይ።»

«ታዲያ ጉማሬው በየት ገባ? በእርስዎ ላይ?»

«ምን ነካሽ! ተነሳሁለት እንጂ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ማይክል ጋሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«ለጉማሬ ይነሳሉ» አለች ሺታዬ። «ለእኔ አይነሱም። ወይስ ጉማሬው አልገባም?»

«ገብቷል!» ሽማግሌው እንግዶቹን አዩ፣ ፍሪጁን አዩ፣ ደግመው እንግዶቹን አዩ። ጉማሬውን ከሚያጡ ወንበሩን ቢያጡ ይሻላቸዋል።

ተነሱ። ወንበራቸውንም ይዘው።

ማይክልና ሁለቱ እንግዶች ፍሪጁን ገፉ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ድንጋዩን ፋቀው። ሺታዬ ሽማግሌውን አየች።

«ግድ የለም፣ ጉማሬውም እዚሁ ጋ ፍቆ ነው ያለፈው» አሉ አባባ ቢየል ለእንግዶቹ።

ፍሪጁ ከበሩ ጀርባ ቆመ። ሽማግሌው ወንበራቸውን መልሰው ዘረጉ፣ ተቀመጡ፣ ፌስታሏን ከኪሳቸው አወጡ።

«ግን ኃይለኢየሱስ ሲመለስ ያስወጣዋል» አሉ። «ፎቶው ላይ የለም።»

ሺታዬ ስልኳን አውጥታ መንገዱን ተሻገረች። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ሽማግሌውን ከነወንበራቸው፣ ከኋላቸው ፍሪጁን አንድ ላይ አነሳች። «አሁን አለ» ብላ ለኃይለኢየሱስ ላከችለት። ከዚያ ተመልሳ ፍሪጁን ሰካች።