በማዋለጃው በር ላይ የቆመው ኬላ

የአካባቢው ነባር ሕዝብ ራሱን እንዲያስተዳድር ተፈቅዶ በጀት ሲመጣ፣ ምክር ቤቱ ለሕዝቡ ማዋለጃ፣ ለጸጥታው ደግሞ ኬላ ሠራ። ሁለቱም የግድ ነበሩ፤ እናቶች እቤት እየወለዱ ይሞቱ ነበር፣ ከብቱም በጠራራ ፀሐይ ይዘረፍ ነበር። ግን ብልጠት መስሏቸው፣ አንድ አጥር ለሁለቱ ይበቃል ብለው፣ ኬላውን ማዋለጃው በር ላይ ለጠፉት። ይህ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

አዋላጇ አዲሱን አልጋ አንጥፋ ብትጠብቅ የሚመጣ ጠፋ። ሥራዬን ንቀውት ነው ብላ ከፋት። ኋላ አንዲት ጎረቤቷ ነገሩን አፍረጠረጠችላት፤ ምጥ የያዛት ሴት መሣሪያ ባነገተ ጎረምሳ ፊት ቆማ፣ የያዘችው ጥቅል ለፍተሻ ተፈትቶ የውስጥ ልብሷ እየተገላበጠ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ መባል አትፈልግም።

የኬላው አዛዥ ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ብትነግረው ሳቀባት። ኬላው ከቆመ ወዲህ ዘረፋ መቅረቱን ነገራት፤ ውሸት አልነበረም። ልጆቼ ሰው አይበሉም ሲልም አሾፈ፤ ልጆቼ የሚላቸው ጥበቃዎቹን ነው። ተናዳ ጥላው ወጣች።

ሚስቱ ቀኗ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ እቤት ተወልዶ ሳያለቅስ ነው የቀረው፤ ስለዚህ አዋላጇ እሷ እንኳ ትመጣለች ብላ ነበር። አልመጣችም። አንድ ጠዋት አዋላጇ ልታያት እቤቷ ብትሄድ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመስኮት ስታይ ሴትዮዋ የአልጋውን እግር ጨብጣ ታምጣለች። ደንግጣ ወንድሟን አስጠራችው፤ እየሮጠ መጣ።

«ክፈቺ የኔ እመቤት፣ ማዋለጃ ልውሰድሽ።»

«በልጆችህ ፊት እንዲህ ሆኜ አላልፍም» አለች ሚስቱ ከውስጥ። «ማታ ማታ እኔው ጋ ራት የሚበሉ ናቸው። እዚሁ ልሙት።»

አዛዡ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ኬላው ሮጦ ጥበቃዎቹን በሙሉ ከመንደሩ ውጭ ወዳለው የመንገድ መገንጠያ አወረዳቸው። ተመልሶ ይህን ሲነግራት ሚስቱ በሩን ከፈተች።

ልጅቷ ማዋለጃው ውስጥ፣ አዲሱ አልጋ ላይ፣ እያለቀሰች ተወለደች፤ አዋላጇም አብራት አለቀሰች።

የጥበቃዎቹ መነሳት ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሚስቱን ሊጠይቅ ሲገባ ኮሪደሩ በእርጉዞች ተሞልቷል፤ አግዳሚ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አሉ። እሱን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋርጠው አቀረቀሩ።

«እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እቤታቸው» አለችው። «ከአንተ ተደብቀው።»