የፓምፕ ቤቱ ድንጋይ

እምቢ ትላለች፣ ዛሬስ በቃ እምቢ ነው የምትለው፣ ሽማግሌ መጣ አልመጣ፣ ለመኑ አልለመኑ፣ ይኸው አፏ ላይ አለ፣ ከማለዳ ጀምራ እያላመጠችው ነው። የፓምፑ ሞተር ማጓራት ጀምሯል። ላይ አገር ዘንቧል መሰል፣ የጀማ ወንዝ ደለል ይዞ ወርዷል፣ ገበሬዎቹ ከሽንኩርት ማሳው ይጣራሉ፣ ወሰንየለሽ፣ ውኃው ቀጠነ፣ ወደ ኋላ አዙሪው እንጂ። ቆይ፣ መጀመሪያ ይቁም። ሁልጊዜ ችኮላ። ወደ ኋላ ሲዞር ደለሉን ይተፋል፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ደግሞ ይታፈናል፣ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ብረትስ ቢሆን ይሄን ማን ይችለዋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ደግ ነበር፣ ቀስ አድርጎ አውርዶ፣ አቁሞ፣ አሳርፎ ነበር የሚያዞረው፣ እነሱ ናቸው ባለሙያ ጠርተው የማሳረፊያ ጊዜውን ያሳጠሩት፣ ሽንኩርቱ ደረቀ ብለው። ሽቦው ተቃጠለ። ሞተሩን ዓለም ከተማ ወስደው ሽቦውን እንደገና አስጠቀለሉት፣ ኩሽኔታውን ቀየሩ፣ ቀለም ቀቡት፣ ይኸው አዲስ ሆነ አሉ። ምኑ ነው አዲስ።

እሷንም እንዲሁ ነው ያሏት። ትዳር ነው፣ ቻይው ልጄ፣ ይሏታል ጋሼ ይታየው፣ የሽማግሌዎቹ አፍ። ባሏ አንዷለም ከተማ ካለችው ሴት ዘንድ ይከርማል፣ እሷ አባቷ ቤት ትገባለች፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሽማግሌ ይደርሳል፣ እሱም ከኋላቸው፣ የይቅርታ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያ አንገት፣ ወይኔ ያ አንገት። ትመለሳለች። ትንሽ አርፋ ብታስብ ኖሮ። ሞተርስ ሲቃጠል ይሸታል፣ ሰው ይሮጥለታል።

ባለፈው ድንጋዩን ያወረደው እዚሁ ነው፣ ፓምፕ ቤቱ ደጃፍ፣ ሥራ ላይ ነበረች። በሩን ታስደግፍበታለች። ስትወጣ ስትገባ እግሯ ይነካዋል፣ አውቃ ነው የምታስነካው፣ ምን ይደበቃል።

ቁልቁለቱ ላይ ጋቢ ታየ። መጡ። ፀጉሯን ለምን ነበር ትናንት የተሠራችው፣ ለእምቢታ ሹሩባ ይሠራል እንዴ። ጋሼ ይታየው ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ከነሱም ኋላ፣ ከነሱም ኋላ መንገዱ ብቻ። ይደርሳል፣ ድንጋይ እየመረጠ ይሆናል፣ ቀለል ያለ እየፈለገ፣ ሰነፍ።

እንደምን ዋልሽ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን ዋሉ። ጋሼ ይታየው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዞሩታል። አንዷለም በሰላም እንለያይ ብሏል ልጄ፣ ለመንነው፣ ለምነንም ደከመን፣ እንግዲህ አንቺም ድርሻሽን... ሌላውን የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል።

አዙሪው እንጂ ወሰንየለሽ፣ ይላሉ ከማሳው።

ማጥፊያውን ትጫናለች። ድምፁ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ጸጥ። አላዞረችውም። ይረፍ። እምቢታዋ አፏ ላይ እንዳለ ነው፣ የምትለው ሰው የለም እንጂ። እሺ ልትል ነበር። አሁን ነው ያወቀችው፣ ያ አንገት ብቅ ቢል እሺ ልትል ነበር።

ጋሼ ይታየው ደክሟቸዋል፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አረፍ ሊሉ ጎንበስ ይላሉ። እዚያ ላይ እንዳይቀመጡ ጋሼ፣ ትላለች፣ ድንጋዩ ይፈለግ ይሆናል።