የሁለተኛው ገጽ ጥያቄ

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት ሌላ ኢንፌክሽን ነበረባት?» ይላል ወረቀቱ። እናትየው ጥያቄውን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። እስክሪብቶውን ግን መልሳ አስቀመጠችው።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ከኋላዋ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተኝታለች። አንጎሏ ከታመመ ወዲህ የገዛ ስሟ የሚጠፋባት ጊዜ አለ። ሐኪሟ ገና ወጣት ብትሆንም ነገሩን ሳትቸኩል ነበር ያስረዳቻቸው። አንጎል ውስጥ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ፤ ጀርም ሲገባ ተቆጥተው ይዋጉታል። ሲያበቃ አንጎል ራሱ ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኞች ልኮ «በቃ፣ ተረጋጉ» ይላቸዋል። የልጅቷ ጠባቂዎች ግን ጀርሙ ከጠፋም በኋላ አልበረዱም፤ አሁን የሚያቆስሉት አንጎሏን ነው። አዲሱ መድኃኒት ያንን መልእክት ያስመስላል። ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ለመግባት ይህ ወረቀት መሞላት አለበት፤ የቀረውም የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው።

የእናትየው ታናሽ ወንድም መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የታክሲውን ቁልፍ ያቅጨለጭላል።

«እትዬ፣ አውራ ጣትሽን ቀለም አስነክተሽ ፈርሚና ገላግይን። የማታ ትምህርት ቤት ፈተና አደረግሽው እኮ።»

«ቆይ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።»

ከሁለት ሳምንት በፊት የልጅቷ ጆሮ መግል ይወጣው ነበር። የምትሠራበት ስፌት ቤት ሥራ በዝቶ ስለነበር እናትየው ሐኪም ዘንድ አልወሰደቻትም። በጠብታ ደረቀ። ምን ዓይነት እናት ነሽ እንዳይሏት ፈርታ እዚህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጠብታውን ከፋርማሲ ያመጣላት ወንድሟ ነው፤ ዓይኗ የት መስመር ላይ እንደቆመ ሲያይ ገባውና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ደርቋል አይደል? የደረቀ ነገር የለም ማለት ነው። እለፊው» አላት።

ሐኪሟን በእጇ ጠራቻት።

«ዶክተር፣ ጠባቂዎቹ ተረጋጉ ተብለው ዝም ሲሉ፣ የተደበቀ ሌላ ጀርም ቢኖርስ?»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኛም የምንፈራው እሱን ነው። ለምን ጠየቁኝ፣ እናቴ?»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። እናትየው ዞር ብላ አላየችውም። እስክሪብቶውን አንስታ ባዶው መስመር ላይ «ጆሮዋ። መግል። ሁለት ሳምንት» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ ከመስመሩ ወጥተው ወደ ታችኛው ወረዱ።

ሐኪሟ አነበበችው። መድኃኒቱ ዛሬ እንደማይሰጥ፣ መጀመሪያ ጆሮዋ መመርመር እንዳለበት ነገረቻት።

«ቦታውን ግን ላቆይላችሁ አልችልም» አለች።

«ማንበብ ተማርሽና፣ በገዛ እጅሽ ልጅሽን...» አለ ወንድሟ። አልጨረሰውም።

ከሰዓት በኋላ ጎናቸው ያለው አልጋ ላይ የተኛችውን ታማሚ አስተማሪ በልጅቷ ቦታ ለሙከራው ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት። ወንድሟ ሳይሰናበት ሄደ። እናትና ልጅ የጆሮ ምርመራውን እየጠበቁ እዚያው ክፍል ቀሩ።