አርማታው ገና ነው

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ የበላው አርማታ በመስበር ነው። ከየግንባታው ቦታ በሳጥን የሚላክለትን ኩብ ኩብ ሲሚንቶ መጭመቂያ ማሽን ሥር እያስገባ፣ ምን ያህል ተሸክሞ እንደሚሰበር ይለካ ነበር። ስንጋባ ጓደኞቼ «ገንቢ አገባች» ሲሉ እሱ «ሰባሪ ነኝ» ብሎ ያርማቸው ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ቅንድቡ ላይ ግራጫ ብናኝ አይጠፋም።

በሽታው አከርካሪው ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙን የሚያስታግስለት አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የፊዚዮቴራፒው የሙቅ ውሃ ገንዳ። እዚያ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊቱ ወደ ድሮው ፊቱ ይመለሳል። አንድ ቀን ፎጣ ይዤ ስጠብቀው፣ «ውሃው እኮ ይሸከምልኛል» አለኝ። «እኔን ሳይሆን፣ እሱን።» ሕመሙን ማለቱ ነበር።

ከዚያ ያ ገንዳ ለጥገና ተዘጋ። ሐኪሙ፣ «ቤት ውስጥ የሚሆን ካገኛችሁ አትከልክሉት። ለብ ያለ ይሁን፣ ብዙ አይቆይበት» አለን። ባለቤቴ ጫማውን ሲያደርግ ደግሞ ሐኪሙ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ብቻ አትዘግዩ» አለኝ።

ገንዳውን ልንገዛ የሄድነው ከወንድሙ ጋር ነው። እኛ ልጅ አልወለድንም፤ እናታቸው ስትሞት እኛ ጋ የመጣውን ይህን ታናሽ ወንድሙን አሳደግን። ከእናቱ ሆድ ሳይቀር ከቀኑ ቀድሞ ስለወጣ ባለቤቴ «ችኩሌ» ብሎ ስም አወጣለት፤ በዚያው ቀረ። አሁን የጭነት መኪና ነጂ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ግን ዛሬም ችኩሌ ነው።

ሻጩ ጎልማሳ ነው። ወንበር አቀረበና፣ «አባባ፣ ጃኩዚው ለስንት ሰው ይሁን?» አለ።

«ማንን ነው አባባ የምትለው?» አለ ችኩሌ። «እኩያህ ነው። ፀጉሩ ነው ቀድሞት የሄደው።»

ባለቤቴ ሳቀ። «ለአንድ ሰው» አለ።

«የአንድ ሰው የሚባል የለም ጋሼ፤ ትንሹ የአራት ነው። ቤተሰብ ሆነው ነው የሚዝናኑበት። መብራት አለው፣ ሙዚቃም ይጫወታል።»

«ዝም ማለትስ ይችላል?» አለ ባለቤቴ።

ቀጥሎ ባለቤቴ ጠያቂ ሆነ። ባዶው ስንት ይመዝናል? ስንት ሊትር ይይዛል? የታችኛው ፊቱ ሙሉውን ያርፋል ወይስ በእግር ነው የሚቆመው? በቃሉ ደመረና ሁለት ቶን እንደሚጠጋ ተናገረ። ሻጩ ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ለመምሰል፣ «የሚገባው ሰው ክብደትስ?» አለ።

«ሰማንያ ስድስት» አለ ባለቤቴ፣ ሳያመነታ።

እንዳይወልቅበት ሱሪውን ጠዋት ጠዋት በገመድ የማስርለት እኔ ነኝ። ወለሉን አየሁ። ችኩሌ ጣሪያውን አየ።

ገንዳው መጣ፤ የት ይቀመጥ የሚለው ግን አጨቃጨቀን። የፊት ለፊቱ ግቢ ደረቅ መሬት ነው፣ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ የዚያኑ ቀን ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከቤት ወደዚያ ለመውጣት ደረጃ አለ፤ ባለቤቴ ደግሞ ደረጃ ከተወ ቆይቷል።

«አዝዬህ እወርዳለሁ» አለ ችኩሌ። «ትንሽ ሆኜ አንተ አዝለኸኝ የለ?»

«አንተን ያዘልኩህ መራመድ ስላልቻልክ ነው።»

ችኩሌ መልስ ነበረው፤ ዋጠው።

«ሬሳ ይመስል በሰው ጀርባ ከቤቴ አልወጣም» አለ ባለቤቴ። «በእግሬ ነው የምገባው። ጓሮ ይሁን።»

የመኝታ ቤታችን የኋላ በር ጓሮው ላይ ይከፈታል፤ ደረጃ የለውም። ችግሩ በሩ አጠገብ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች የሽንት ቤት ጉድጓድ መኖሩ ነው። እኛ በስብርባሪ ድንጋይና በአፈር ደፍነነዋል፤ ከሥሩ ምን ያህል እንደሰጠመ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ የሚያልፍ፣ ፌሮ የገባበት አርማታ መሞላት ነበረበት።

ግንበኛው ሲሠራ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። ጠጠሩ ይታጠብ አለ፤ ታጠበ። ውሃ በዝቷል አለ፤ የተቦካው ተደፍቶ እንደገና ተቦካ። ግንበኛው ሻይ ሳቀርብለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤት፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ፎቅ ሊሠሩበት ነው?» አለኝ።

ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ «ጋሼ፣ ሳምንት ይበቃዋል፤ ከዚያ ዝሆን ያቁሙበት» አለ።

«ወር ይቆያል።»

«ለሌላ ሰው ቢሆን እሺ፤ ለእርስዎ ግን…» ብሎ ቆመ።

«ሲሚንቶ እኔን አያውቀኝም» አለው ባለቤቴ።

የዚያን ምሽት ችኩሌ ሲለምነው ሰማሁ። ባለቤቴ አልተቆጣም። ዕድሜውን ሙሉ የለመኑትን ሰዎች አነሳለት፤ ዝናብ የደረሰበትን ተቋራጭ፣ ተከራይ በር ላይ የቆመበትን ባለሕንጻ፣ ልጁን በአዲሱ አዳራሽ ሊድር የጓጓውን አባት። «ሁሉም ምክንያት ነበራቸው፤ ሁሉንም ገና ነው ብዬ መልሻለሁ። ለራሴ ሲሆን ቃሌ ይታጠፍ?»

አርማታ እንዲጠነክር እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጆንያ አለበስነው፤ ባለቤቴ ጠዋትና ማታ ወንበሩ ላይ ሆኖ በጎማ ያጠጣዋል። እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ ውሃ መዋጥ እየከበደው ነበር፤ በጥጥ ከንፈሩን አርስለታለሁ። እሱ አርማታውን ያጠጣል፣ እኔ እሱን። ገንዳው ላስቲኩን እንደለበሰ በጎኑ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል።

ከዚያ ደም አነሰውና ሆስፒታል አስተኙት። ወጥተን ስንመለስ ችኩሌ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ጠበቀን። እንደ ሙሽራ ሚዜ ነበር ያደረገው፤ በአንድ እጁ ወንድሙን ደግፎ፣ በሌላው የኋላውን በር መጋረጃ ገለጠ።

ገንዳው አርማታው ላይ ተቀምጧል። ጓደኞቹን ሰብስቦ አስቀምጦታል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቶ አስቀጥሎታል፣ ሞልቶ አሙቆታል። ክዳኑን ሲያነሳው እንፋሎቱ ፊታችን ላይ መጣ። ወሩ ገና አልተጋመሰም ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ ይዟት የመጣትን ትንሽ መዶሻ ከአልጋው ሥር አምጪልኝ አለኝ። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና የአርማታውን ጠርዝ አንድ ጊዜ መታ። ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ።

«ገና ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ይኸው ተሸክሞታል እኮ! ከትናንት ጀምሮ ተሸክሞታል!»

«ዛሬ ተሸከመ ማለት ይሸከማል ማለት አይደለም። ባዶ ላይ ያለ አርማታ ሲሰበር አያስጠነቅቅም። እኔን ለማስገባት አንተ ትወጣበታለህ፣ እሷ ትወጣበታለች። አፍስሰው።»

«ለግማሽ ሰዓት ብቻ፤ በሞቴ!»

«በማን ሞት?» አለ ባለቤቴ፤ ፈገግም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ግባ» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በትከሻዬ በኩል ይሰማኛል።

«አንተ ነህ የምታውቀው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እጅጌውን ጠቅልዪልኝ አለኝ፤ ጠቀለልኩለት። ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ አስገባ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደዚያ ሆኖ የጣቶቹ ቆዳ እስኪሸበሸብ ቆየ። ሲያወጣው፣ «ሙቀቱ ልክ ነው» አለ። «አፍስሱት።»

ችኩሌ መክፈቻውን ፈታው። ውሃው እየጨሰ በጓሮው ወርዶ በግንቡ ሥር ወጣ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ አሁን ምኑን ልልቀም?» አለ ችኩሌ። ቀልድ መሆኑ ነበር።

አርማታው ሳይደርስ ባለቤቴ ሞተ። ስለዚያ ሳምንት የምጽፈው የለኝም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱ ሞልቶ ጓሮ ሲወጣ ካፖርቱን ገንዳው ክዳን ላይ ይቆልል ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ችኩሌ ቀረ። ሥራ ውሎ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል፤ አያወራም፣ ያቀረብኩለትን አይቀምስም፤ ጓሮ ወጥቶ ይቆማል። ሚስቱ «ቤትም እንደዚያው ነው» ብላ ደወለችልኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን አፉን ከፈተ።

«ተሸክሞት ነበር እኮ እትዬ። አንስቼ ብጨምረው ምን ያደርገኝ ነበር? ምን ነበረው፤ አንድ ፍሬ ልጅ እኮ ነበር የሚያክለው። ዕቃ ለሚያነሳ እጄ ምን ይከብደው ነበር? ሰማሁት። እንደ ሞኝ ሰማሁት።»

ገንዳው ከዓይኑ ቢርቅ ይሻለዋል ብዬ ለሻጩ ደወልኩለት፤ መልሶ ለመውሰድ ተስማማ። ሠራተኞቹ የመጡት ችኩሌ ሥራ ላይ እያለ ነው። አራት ሆነው ገፉትና አርማታው ታየ።

«አንድ ጊዜ ጠብቁኝ» አልኳቸው።

ባለቤቴ ስንጥቅ የሚፈልግበትን መንገድ አስተምሮኛል። አርማታውን በእርጥብ ጨርቅ ታረሰርሺዋለሽ፤ ከዚያ ሲደርቅ ታያለሽ። ሌላው ሲነጣ ስንጥቁ ውሃውን ይይዛል፤ ፀጉር የማያስገባ እንኳ ቢሆን ጠቁሮ ይቀራል። ተንበርክኬ ከዳር እስከ ዳር አራስኩት። ሠራተኞቹ ለቤቱ የሚያጸዳ ሰው ጠፍቶ መሰላቸው፤ አንዱ ጨርቁን ሊቀበለኝ መጣ። አመስግኜ መለስኩት። ፀሐይ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። ሁሉም እኩል ነጣ። መዶሻዋን አምጥቼ ማዕዘኖቹን፣ ከዚያም ጉድጓዱ ያለበትን መሃሉን መታሁ። ድምፁ አንድ ነው።

«መልሱልኝ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ገንዳውን። ወደ ቦታው መልሱልኝ፤ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።»

ተያዩ። ሐዘንተኛ ናት ብለው ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳይሉ መለሱት።

ችኩሌ ሲመጣ የወሳጆቹን መኪና ጎማ ዱካ በር ላይ አይቶ ነበር። «አነሱት እንዴ?»

«አንስተውት ነበር።»

«እና… ሥሩን አየሽው?»

«አየሁት።»

መጠየቅ ፈራ። ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል» አልኩት።

ደፉ ላይ ተቀመጠ።  ከዚያ፣ «አንድ ጊዜ ነው እኮ የመታው» አለ። «አየሽ፣ አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ሰምቶ አወቀ!» አለቀሰ፤ ይህኛው ልቅሶ ግን ያ ጓሮ ቆሞ የሚያፍነው አይደለም። «ታዲያ ለምን አልወሰዱትም?»

«ብዙ ሰው ከወጣበት ይደረመሳል ብዬ ፈራሁ። እዚያው ይቀመጥ።»

«ይቀመጥ፣ ይቀመጥ። ማንም እንዳይነካው!»

የዚያን ማታ ያቀረብኩለትን በልቶ ጨረሰ፤ ጨው አንሶታል ብሎም ተቸኝ።

ገንዳው ይኸው እዚያው አለ። ሊገዙት የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ ከተነሳ ሥሩ ይታያልና አልሸጥም። ችኩሌ ጓሮ ሲወጣ ግንቡን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ ልጆቹ ከተጠጉ ይጮህባቸዋል፤ «አጎታችሁ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» ይላቸዋል። እኔም እነሱ ሲኖሩ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ልብስ ላሰጣ ስወጣ አርማታው ላይ እወጣና ሙሉ ክብደቴን ጥዬበት እቆማለሁ። ይሸከመኛል።