ከመስታወቱ የጎደለችው

«እንቁራሪቶቹ መርዝ የላቸውም ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት ነበራቸው፣ ዛሬ ተዋቸው?»

«ትናንትም አልነበራቸውም። ሰርኬ፣ ከነጋ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እስካምን ድረስ ንገረኛ። ፈረንጁ ራሱ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው፣ በአገራቸው አዳኝ የቀስቱን ጫፍ ጀርባቸው ላይ አሽቶ ዝንጀሮ ይጥልበታል ያለው። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ጫካ ያሉትን ነው ያለው። እነዚህ መስታወት ውስጥ የተወለዱ ናቸው። እናታቸውም መስታወት ውስጥ፣ አያታቸውም መስታወት ውስጥ።»

«ታዲያ ለምን በጓንት ትነካቸዋለህ፣ እንዳለው?»

እንዳለው ወደ እጁ አየ። ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ያመጣውን ስስ ጓንት ገና አላወለቀም ነበር። «ለእነሱ ብዬ ነው» አለ። «የእጃችን ላብና ሳሙና ቆዳቸውን ያቃጥለዋል።»

«አይ እንግዲህ። መርዘኞቹ እኛ ነን በለኛ።»

እሱ ሳቀ። ሰርካለም ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁራጭ ጨርቅ የምታኝከው ልጇ ላይ ነበር። ንጋት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ መሬት ላይ ያገኘችው ነገር ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ጠጠር፣ መጀመሪያ የሚመረመረው በአፏ ነው።

«ምን ብላ እንደምትጠራቸው ታውቃለህ?» አለች ሰርካለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሜላ ነው የምትላቸው። ከረሜላ መስለዋታል።»

«ክዳን አላቸው እኮ።»

«ክዳን። የኔን ዓይነ ርግብ ቆርጠህ የሠራኸው ክዳን።»

የሰርጓን ዓይነ ርግብ ባለፈው ወር ከሻንጣ አውጥቶ ቆርጦታል፤ ቀዳዳው ከመድቀቁ የተነሣ ትንኝ እንኳ አያሳልፍም። ስትቆጣው «ሁለተኛ አታገቢ፣ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ቀልዶ ነበር። ቀልዱ እስከ ዛሬ በመካከላቸው አለ።

የመስታወቱ ሣጥን ሌላ ሰው ቴሌቪዥን የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈረንጁ፣ ሚስተር ሄንክ የሚባል በጎ ፈቃደኛ መምህር፣ ሞጣ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ በግንቦት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ለእንዳለው ትቶለት ሄደ። ውስጡ የወንዝ ዳር የድንጋይ ሽበትና ፈርን የሚባል ቅጠል፣ ጠርዟ የተሸረፈች ትንሽ ገንቦ፣ እርጥብ አፈር። በዚያ መካከል አምስት እንቁራሪቶች። ቢጫና ጥቁር፣ እንደ ንብ የተዥጎረጎሩ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጡ። ሲጮሁ እንደ ወፍ ያፏጫሉ። ሰርካለም ልብስ ስትጠልፍ ያ ፉጨት ከጀርባዋ ሲመጣ ጣቶቿ ይቆማሉ።

«ደግሞ ነገ ባሕር ዳር ስልጠና ልትሄድ ነው» አለች። «ማን ሊቀልባቸው ነው?»

እንዳለው ጓንቱን ቀስ ብሎ ማውለቅ ጀመረ።

«እኔ?» አለች።

ጠቡ እልባት አላገኘም፤ ጊዜ ነው ያለቀበት። ማታውን እንዳለው ሥራውን አሳያት። ውሃ ከቧንቧ አይሆንም፤ መድኃኒት አለበት፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው የሚረጭላቸው። ምግባቸው ትንኝ ነው። ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ባንቺዓለም በነጻ የሚሰጡትን አተላ ከበሰበሰ ሙዝ ጋር ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ አፉን በዓይነ ርግቡ ቁራጭ ያስረዋል፤ ትንኙ እዚያው ይፈላል። ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ወደ መስታወቱ ማራገፍ ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ክረምት ስለነበር፣ በጠፋበት ቀን ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ከመስታወቱ ጎን ማቆም ያስፈልጋል።

«እንደ ሕፃን ናቸው» አለ።

ሰርካለም ሕፃን አንድ እንዳላትና እሷም እንደምትበቃት ልትነግረው አስባ ተወችው።

እንዳለው ከሄደ በኋላ ብርዱ በረታ። ጭጋጉ እስከ ረፋድ ድረስ ከግቢው አይነሣም። መጀመሪያ የሞተው ትንኙ ነበር። አንድ ጠዋት ሰርካለም ጠርሙሱን ብትመታው አተላው ላይ እንደ አመድ የተበተነ ነገር ብቻ አየች። አዲስ አተላ አምጥታ ሠራች፤ እሱም አልፈላም። እንቁራሪቶቹ ከገንቦዋ ሥር ወጥተው መስታወቱ ጋ ተደርድረው ያዩዋታል። ጎናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ቢሞቱ የሚሆነውን ታውቀዋለች። እንዳለው በአፉ ምንም አይልም። ነገር ግን በልቡ፣ ከዚያ ሁሉ ጠብ በኋላ፣ እሷ እንደገደለቻቸው ያምናል፤ እድሜ ልኩንም እንደዚያ እያመነ አብሯት ይኖራል። ይህን ከእንቁራሪቶቹ እኩል ፈራችው።

ከግድግዳው ሥር፣ ድንጋዩ ከጭቃው በተላቀቀበት በኩል፣ ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች ዘወትር ይመላለሳሉ። ሰርካለም ስንጥር ማር ቀብታ እዚያ አስቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ብታየው ስንጥሩ በጉንዳን ጠቁሯል። የዓይነ ርግቡን ጥግ ገልጣ መስታወቱ ውስጥ አራገፈችው። እንቁራሪቶቹ አላመነቱም። ምላሳቸው ከዓይን ይፈጥናል፤ ጉንዳን አለ፣ ጉንዳን የለም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጉንዳን ሆነ። ጎናቸው ሞላ፤ ቢጫቸውም ደመቀ። ወይዘሮ ባንቺዓለም አተላ ይዘው ብቅ ባሉ ቁጥር አጎንብሰው ያያሉ።

«ከብቶችሽ ደልበዋል አንቺ። ለእንቁጣጣሽ አንዱን ታርጃለሽ?»

«እትዬ ባንቺ፣ እንኳን ላርድ ስማቸውን ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።»

«ኧረ ተይ፣ ለምደሻቸዋል። ትናንት ስታናግሪያቸው ሰምቻለሁ።»

እውነት ነበር። «ቀስ በሉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል» ስትል ራሷን ሰምታ ደንግጣለች።

አንድ ረፋድ ማር የተቀባውን ስንጥር ይዛ ሳለ እንዳለው ደወለ።

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ንጋትም ደህና ናት» አለች፣ ያልጠየቃትን ጨምራ። ከዚያም በልቧ የቆየውን አወጣችው። «እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። እባብ መስታወት ውስጥ ቢወለድ መርዝ አይኖረውም? የነዚህ እንዴት ጠፋ?»

እንዳለው መጠየቁ ደስ አለው። «እባብ መርዙን ራሱ ነው የሚሠራው። እነሱ ግን ከምግብ ነው የሚያገኙት። ጫካ ውስጥ ጉንዳን ይበላሉ፤ ጉንዳኑ ላይ ያለው መርዝ ሆዳቸው ገብቶ በቆዳቸው ይወጣል። ትንኝ ብቻ የበላ ከየት ያመጣል? ገባሽ አሁን?»

ስንጥሩ ላይ ያሉት ጉንዳኖች ወደ ጣቶቿ መውጣት ጀምረው ነበር።

«ሰርኬ? ምነው ዝም አልሽ?»

«ኔትወርኩ ነው» አለች።

ስንጥሩን ምድጃው ውስጥ ወርውራ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከዚያ ወደ መስታወቱ ሄዳ ቆጠረች። አራት። ገንቦዋን በማንኪያ ዘንበል አድርጋ አየች። ሽበቱን ገለጠች። አራት። የዓይነ ርግቡ አንድ ጥግ፣ ጉንዳን የምታስገባበት ጥግ፣ ከላስቲኩ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ንጋት ወለሉ ላይ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ነገር ታላምጣለች።

ሰርካለም እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የልጅቱን አገጭ ይዛ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። የወጣው የዳቦ ቅርፊት ነበር። ንጋት አለቀሰች፤ ለሃጯ በአገጯ ላይ ወረደ። ሰርካለም ለሃጩን አየች። ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ሰሞኑን ሁሉ ለሃጯ ይወርድ ነበር። ግን ይህን ያህል ነበር? መዳፏን ፈልቅቃ አየች፤ ቀልቷል። ከማልቀስ ነው? ምን ነክታ ነው?

«ንጋቴ፣ ሜላ የት ሄደች? ሜላ ነካሽ?»

«ሜላ» አለች ልጅቱ እያለቀሰች፣ ወደ መስታወቱም፣ ወደ አልጋውም፣ ወደ በሩም እያመለከተች።

አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ተረኛው ወጣት የልጅቱን ዓይን በባትሪ አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ምን እንደነካት ጠየቀ። ስትነግረው ፈገግ አለ።

«እንቁራሪት መርዝ የለውም፣ እህቴ።»

«ይኼ የውጭ አገር ነው።»

«የውጭ አገር እንቁራሪት ሞጣ ምን ይሠራል?» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

መርዝ የለውም። ባሏም የሚላት ይህንኑ ነው። ሁለቱም ሲሉት ቃሉ ይበልጥ ባዶ ሆነባት። ቤት ተመልሳ ልጅቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ ፈለገች። ፍራሹን አነሣች። የገብሱን ማዳበሪያ ጎተተች። ጫማዎቹን አንድ በአንድ በእንጨት ጠቀጠቀች። የስፌት መኪናውን መሳቢያ ገልብጣ ክሮቹን በተነች፤ ቢጫ የክር ጥቅልል ሲንከባለል ጮኸች። ወይዘሮ ባንቺዓለም ጩኸቱን ሰምተው መጡና ጋኑንና ባልዲውን ፈተሹላት። ሲወጡም ነጠላቸውን አራገፉ።

«ልጅቱን ወተት አጠጫት ለማንኛውም» አሉ። ዛሬ አልቀለዱም።

ከዚያ በኋላ ንጋት መሬት አልረገጠችም። ሰርካለም አልጋው መካከል አስቀምጣት ስትተነፍስ ታዳምጣለች። ቤቱ እርጥብ ነው፤ በየጥጉ ጥላ አለ። ከመስታወቱ የሚመጣው ፉጨት አሁን አንዳንዴ ከመስታወቱ ውጭ የመጣ ይመስላታል፤ ከቁም ሣጥኑ ኋላ፣ ከልጅቱ የልብስ ቅርጫት። ስትነሣ ይቆማል።

ስልጠናው አልቆ እንዳለው በማግስቱ ጠዋት መጣ። አብሮት የሰለጠነው የባዮሎጂ መምህሩ የኔሰው ተከትሎታል። እንዳለው ቦርሳውን በሩ ጋ ጥሎ የንጋትን ግንባር ሳመና፣ በዚያው እርምጃ ወደ መስታወቱ አለፈ።

«አንዷ ጠፍታለች» አለች ሰርካለም።

«የቷ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «ሴቷ እንዳትሆን ብቻ። መቼ? ውጭ እኮ ትደርቃለች፤ ብዙ አትቆይም።»

«ጉንዳን ነው ያበላኋቸው። ትንኙ ሞተብኝ፤ ጉንዳን አበላኋቸው። በየቀኑ።»

እስኪቆጣት ጠበቀች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ቁጣው ልጅቱን እንዲያያት ያደርገው ይሆናል ብላለች። እንዳለው ግን ወደ የኔሰው ዞረ።

«ሰማህ? ጉንዳን።»

«ቆይ እስቲ» አለ የኔሰው፣ ተንበርክኮ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረው። «ይኼ ቅጠሉ ላይ ያለው ምንድን ነው? እንቁላል አይደለም?»

እንዳለውም ተንበረከከ። ፈርኑ ላይ፣ እንደ ጤዛ የሚያበሩ፣ መሐላቸው ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ጥቃቅን ጠብታዎች ነበሩ። «ሄንክ በሁለት ዓመት ያላየውን ነገር አየሁ» አለ እንዳለው።

«እንዳለው» አለች ሰርካለም። «አሁን መርዝ አላቸው ወይስ የላቸውም?»

«አይታወቅም» አለ ፊቱን ሳይመልስ። «የኛ አገር ጉንዳን ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? አስቢው እስቲ፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም እኮ።» ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

«ዶሮ ላይ ይሞከራል» አለ የኔሰው።

«የጠፋችዋ ደርቃ ብትሞትስ?» አለች። «ደርቃ አንድ ጥግ ብትወድቅ፣ ንጋት ብታገኛት?»

«ቀስ፣ ትንፋሽህ መስታወቱን ያደበዝዘዋል» አለ እንዳለው ለየኔሰው።

ሰርካለም ቆማ ጥቂት አየቻቸው፤ ሁለት ጀርባ፣ አራት የጫማ ሶል። ከዚያ የንጋትን ልብስ ከቅርጫቱ እያወጣች በሩ ጋ፣ ብርሃን ባለበት፣ አንድ በአንድ አራገፈች። ካልሲዎቹን ገለበጠች። ማዘያውን ሦስቴ አራግፋ፣ ስፌቱን በጣቷ ተከትላ ዳበሰች። ልጅቱን አዘለች። ነጠላዋንም አራገፈችና ለበሰች።

«ሰርኬ፣ ባትሪ አቀብዪኝ» አለ እንዳለው።

የኔሰው የስልኩን መብራት አበራለት። «ይኸው።»

«እ፣ ጎንበስ አድርገው። እዚያ። ስድስት ናቸው? ሰባት?»

ግቢው ውስጥ ወይዘሮ ባንቺዓለም ጋን ላይ አጎንብሰው ጠላ ያጠልላሉ፤ ቀና አላሉም። ሰርካለም እግሯ የሚያርፍበትን እያየች ጭቃውን አለፈች። መናኸሪያው ጋ ወደ ወላጆቿ አገር የሚሄደው የቢቸናው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው እየጠበቀ ነበር። ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በእጇ ጠራረገች፤ ልጅቱን ከጀርባዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ሁለቱን ትንንሽ መዳፎች በአንድ እጇ ውስጥ ይዛ ጨበጠች።