የከሰዓት ፈረቃ

ተሾመች በቦንጋ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ባሏ ፈለቀ መምህር ነው። በ2001 ዓ.ም. ልጃቸው ዝማሬ ስትወለድ፣ አለቃዋ ጋሽ ተድላ ለምናቸው አንዱን የሥራ መደብ ከባልደረባዋ ከብርቄ ጋር ለሁለት እንዲካፈሉት ፈቀዱ፤ ጠዋት ብርቄ፣ ከሰዓት ተሾመች። ፈለቀ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ ልጁን ይቀበላታል። አምስት ወር እንዲህ ኖሩ።

አንድ ረቡዕ ፈለቀ ሳይቀመጥ፣ “ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት ገቢ ነኝ” አላት።

“ልጅ አለብኝ አትላቸውም?”

“ብያለሁ። እምቢ አሉ።”

እናቷ በቢታ ገነት ከተማ ታመው ተኝተዋል። ሠራተኛ ለመቅጠር ግማሽ ደሞዝ አይበቃም። በማግስቱ ጋሽ ተድላን ጠዋት አድርጉኝ አለቻቸው።

“ብርቄ ከሰዓት ትማራለች፤ ምን ላድርጋት?” አሉ። “ሰኞ ካልገባሽ ሰው እተካለሁ፣ ልጄ። ይህንንም የፈቀድኩት በጭንቅ ነው።”

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ርዕሰ መምህሯ እትዬ አስካለማርያም ገና ሳትጨርስ አቋረጧት።

“እኛ መቼ ቀየርነው? ራሱ አይደል ማመልከቻ ያስገባው!”

“ራሱ?”

“ልጅ አዝሎ ገበያ ሲያልፍ ተማሪዎች አዩት። ‘ሞግዚቷ መጣች’ ይሉታል። መምህራኑማ ባሱ፤ ‘ጡጦውን እንዳትረሳ’ ነው ሰላምታቸው። የምታውቂ መስሎኝ።”

“አውቃለሁ” አለች ተሾመች።

ቤት ስትደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ፈለቀ ልጁን አዝሎ እሹሩሩ ይላል፤ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። እስኪጨርስ ደጅ ቆመች።

ሲከፍትላት፣ “ለምን ዋሸኸኝ?” አለችው።

አንቀልባውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለው።

“ነገ ሄደህ ሰርዘው፣ ፈለቀ። እለምንሃለሁ።”

“አንቺ እቤት ብትውዪ ማንም አይስቅብሽም” አለ፣ ቀና ሳይል።

ዓርብ ተሾመች የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ አስረከበች። ብርቄ አቅፋት አለቀሰች፤ እሷ አላለቀሰችም።

ሰኞ ፈለቀ ደብተሮቹን ይዞ ሲወጣ ዝማሬ ከእናቷ እቅፍ እጆቿን ዘረጋችለት። በዚህ ሰዓት የሚይዛት እሱ ነበር። ጮኸች። ግቢው መሐል ላይ እርምጃው ዘገየ፤ ዞሮ ግን አላየም። ከአጥሩ ውጭ ሰዎች ነበሩ።