የተረፈ ልጅ፣ ዶክተሯ

«ዶክተሯ ይቺ ናት?» አሉ ከጃጁራ የመጡ አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ ያበጠ እግራቸውን ወደ አቢጋኤል እየዘረጉ።

«አዎ፣ ይቺ ናት» አለች አክስቷ ትርፊት፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። «የሰው እግር ታያለች። የአባቷን ደረት ግን አላየችም።»

አቢጋኤል አቀረቀረች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷ ከደቡብ አፍሪካ ሆሳዕና የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነበር፤ አፈሩን እንጂ ፊቱን አላየችም።

ዶክተርነቷ የኮከብ ነው። ሞተው እንኳ መሽከርከር ያልተዉትን፣ ፑልሳር የሚባሉትን ኮከቦች ታጠናለች። በየዙራቸው የሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ እንደ ሰዓት ልክ ነው፤ ቅንጣት ታህል ከዘገየ በዚያች መዘግየት የስበት ሕግ ይፈተናል። ይህንን አንድ ጊዜ ለአባቷ በስልክ ልታስረዳው ሞክራ ነበር።

«ከሞተማ ምን ታደርጊለታለሽ?» ብሎ ሳቀ ተረፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ የነገደ ሰው።

የተመረቀች ቀን ግን በደስታ አለቀሰ። «እንግዲህ ዶክተር ሆነሻል። ይቺን ደረቴን አንቺ ታዪልኛለሽ።»

ማስረዳቱ ታከታት። «እሺ አባዬ» አለችው። አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲያምን ተወችው።

ባለፈው ሳምንት ሲደውል፣ ወራት የጠበቀችው ፑልሳር ከአጣማጁ ኮከብ ጀርባ ሊያልፍና ሞገዱ ሊዘገይ ጥቂት ሰዓት ቀርቶት ነበር።

«አቢዬ፣ ደረቴን ወጋኝ።»

«ክሊኒክ ሂድ አባዬ። ሥራ ላይ ነኝ፤ ስጨርስ እደውላለሁ።»

ስትጨርስ ተኛች። ስትነቃ ውጤቱን ለማየት ጓጓች። በሦስተኛው ቀን ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ትርፊት ነበረች፤ እያለቀሰች።

«እማማ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም» አለች አሁን ለሴትዮዋ። «የማጠናው ኮከብ ነው።»

ትርፊት ተነስታ ወደ ቤት ገባችና የወንድሟን ኮት ይዛ ተመለሰች። ከኪሱ የኪኒን ከረጢት አውጥታ አቢጋኤል ጭን ላይ ወረወረችው።

«ክሊኒክስ ሄዷል። ዋጠው ብዬ ለመንኩት። ‹ልጄ ሐኪም እያለች የማንንም ኪኒን አልውጥም፤ ስትደውል አነብላታለሁ፣ ዋጠው ካለችኝ እውጣለሁ› አለ። ሦስት ቀን ስልኩን ታቅፎ ጠበቀሽ።»

ከኪኒኑ አንድም አልጎደለም።

ሴትዮዋ እግራቸውን ሰበሰቡ። አቢጋኤል ከረጢቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ በላዩ በእስክሪብቶ የተጻፈውን፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነበብ ድምጿን ከፍ አድርጋ በዝግታ አነበበች።

«በቀን አንድ ፍሬ፣ አባዬ። ከምግብ በኋላ።»